ከምንም ጋር ያልተያያዘው ፔዳል

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ ሥራዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ሁለቱ እግሮችዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እግርዎን ለይቼ የጠየቅሁት ለነገር አይደለም፤ ቢሮዎ ላይኛው ፎቅ መሆኑን፣ አሳንሰሩም ከቆመ መክረሙን፣ ባለቤቴ ደረጃውን እየተቀመጠች በወጣችበት ቀን በዓይኔ ስላየሁ፣ ያን ሁሉ ደረጃ በየዕለቱ የሚያመላልስዎ ጉልበት እንዳይከዳዎ ከልቤ ስለምመኝ ነው። እኛን የጠየቁ እንደሆነ በሕይወት አለን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጽሕፈት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት የሌላ ሰው ደብዳቤ ነበር፤ አለቆቼ ጠረጴዛ እየደበደቡ የነገሩኝን ስድብ እኔ «በአክብሮት እናሳስባለን» እያልኩ አለሳልሼ በታይፕ እመታው ነበር። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ከልክ ያለፈ ትሕትና ቢያጋጥምዎ የሙያ በሽታ ነውና አይቀየሙኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ በግልጽ ማውጣቴም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በዝግ ፖስታ የላክኋቸው የዚህ ደብዳቤ ታላላቆች እስካሁን መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ፖስታውን መክፈት ከባድ ሥራ ሆኖብዎት ይሆናል ብዬ ተከፍቶ የሚደርስዎ ደብዳቤ መጻፌ ነው።

ነገሩ የመኪና ነገር ነው። ባለቤቴ በልጅነቷ በያዛት ሕመም ግራ እግሯ የሰለለ ነው። መንዳት እፈልጋለሁ ባለች ጊዜ ያላሾፈባት ዘመድ አልነበረም፤ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነውና፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር መኪና ለእሷ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ጡረተኛ ሐኪም አንዲት አሮጌ መኪና ገዛን፤ የወተት ቀለም ያላት፣ መብራቶቿ ክብ፣ ወንበሯ እንደ ሶፋ የሰፋ፣ ያኔም አሮጌ የነበረች፣ ዛሬ ደግሞ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ፎቶ የሚያነሳት። የገዛናት አምራን አይደለም፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ ነው። ማርሹን ራሷ ትቀይራለች፤ ከሹፌሯ የምትፈልገው አንድ ደኅና እግርና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። ስትነሣም ስትቆምም ስለማትቸኩል «እሜቴ» አልናት።

ክቡርነትዎ የአውቶማቲክ ካምቢዮን ነገር ያውቃሉ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ የርስዎ ሥራ መኪና ማስመርመር እንጂ መኪና ማወቅ አይደለም። ግን ለአንባቢ እንዲገባ ትንሽ ልበል። የእንዲህ ዓይነቱ ካምቢዮ ዘይት እንደ ሌላው ወፍራምና ጥቁር አይደለም፤ ቀጭንና ቀይ ነው። ልኩም የሚታየው ሞተሩ ጠፍቶ ሳይሆን ሞቆ እየሠራ ነው። እሜቴን ሰርቪስ የምናደርጋት እኛው ራሳችን ነበርን። አሮጌውን ዘይት ከሥር አፍስሼ፣ ማጣሪያውን አጥቤ፣ አዲሱን ከጨመርኩ በኋላ፣ ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀምጣ ፍሬን ትረግጥና የማርሹን ዘንግ ከማቆሚያው ወደ ኋላ ማርሽ፣ ከኋላ ማርሽ ወደ ባዶ፣ ከባዶ ወደ ፊት ታሳልፈዋለች፤ በየቦታው አንድ ትንፋሽ ታቆየዋለች። እኔ በተከፈተው ኮፈን ሥር የዘይቱን መለኪያ መዝዤ በነጭ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ መልሼ እከታለሁ፣ እንደገና እመዛለሁ። ባለቤቴ ስልክ ቤት ውስጥ መስመር ስታገናኝ የኖረች ሰው ስለሆነች ጆሮዋ ከእኔ ዓይን ይበልጣል፤ እኔ መለኪያውን ሳልመዝ እሷ ከወንበሯ «ጎድሏል» ትላለች፤ ጎድሎም ይገኛል። በትዳራችን ውስጥ ሳንጨቃጨቅ አብረን የጨረስነው ሥራ ይህ ብቻ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እሜቴ በመጨረሻው ዘመኗ ዋና ሥራዋ አንድ ነበር። ባለቤቴ ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ፀጉሯ ሸብቶም «ትንሿ» የምንላት። ትንሿ ታማ፣ ዓይኗም ጠፍቶ፣ ከከተማው ጫፍ ኮረብታ ላይ ባለው የሕሙማን ማረፊያ ተኝታ ነበር። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ትነዳለች፤ ታጥባታለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ትሠራታለች፣ ወሬ ታወራታለች። አቀበቱ መሃል ላይ እሜቴ ማርሽ ስትቀንስ ረዘም አድርጋ ታቃስታለች፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ትልና እንደገና ትጎተታለች። ያን ድምፅ ትንሿ ከአልጋዋ ትሰማው ነበር። ነርሶቹ ምንም ሳይሰሙ እሷ «እትዬ መጣች፤ ፀጉሬን ፍቱልኝ» ትላቸዋለች፤ እነሱም ይስቁና ይፈቱላታል፤ ባለቤቴ በር ላይ ስትደርስ ፀጉሩ ተፈትቶ ይጠብቃታል።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ። በቁጥር ያደረግሁት፣ ሲሰለቹ አቁመው ሌላ ቀን ከዚያው እንዲቀጥሉ ነው።

፩ኛ፦ ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ከእርስዎ በፊት በዚያ ወንበር የነበሩት ኃላፊ፣ እሜቴ መጀመሪያ ለምርመራ በቀረበች ጊዜ ብዙ ተጨንቀውልን ነበር። የጽሕፈት ቤታችሁ ደንብ እያንዳንዱ መኪና ሦስት ፔዳል እንዲኖረው ያዛል፤ የነዳጅ፣ የፍሬን፣ የፍሪሲዮን። የእሜቴ ሁለት ነው። ለአውቶማቲክ መኪና ሦስተኛው እንደማያስፈልግ፣ የሠራትም ሰው ረስቶት እንዳልሆነ ባስረዳን ጊዜ እሳቸው አንገታቸውን ነቅንቀው፣ እኔስ ገብቶኛል፣ ደንቡን ማን ያስረዳልኝ አሉ። ቀጥለውም፣ ደንቡ ሦስት ይኑር ይላል እንጂ ሦስተኛው ከምን ጋር ይያያዝ አይልም አሉን። ብየዳ ሠራተኛ ፈልገን፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ፔዳል ከነማጠፊያው በግራ በኩል አስበየድን። ከምንም ነገር ጋር አልተያያዘም፤ ሲነኩት ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ካላነሡት አይነሣም። ከዚያ ወዲያ እሜቴ በየዓመቱ ያለ ጭቅጭቅ አለፈች። ባለቤቴም የሰለለ እግሯን ታሳርፍበት ጀመር፤ ላስቲኩ በጫማዋ ልክ እስኪጎደጉድ ድረስ። ከዚያ ጽሕፈት ቤት ከወጡ ውሳኔዎች ሁሉ ለቤታችን የጠቀመ ይህ ነው።

፪ኛ፦ ከዚያ እርስዎ ተሾሙ፤ ዘግይቼ ቢሆንም እንኳን ደስ አለዎ። መርማሪዎ ሥራ ወዳድ ሰው ስለሆነ ፔዳሉን በጣቱ ነካ አደረገው፤ ተኛ። «ፍሪሲዮኑ ሞቷል» አለ። ባለቤቴ፣ ፍሪሲዮን የሚረገጥላት መኪና አይደለችም፣ አውቶማቲክ ናት አለችው። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለ። እንንቀለው አልን። ከነቀላችሁት ፔዳል ጎደለ ብዬ እጥላታለሁ፣ ከተዋችሁት መሥራት አለበት አለን። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ባለቤቴ ያን ደረጃ እየተቀመጠች የወጣችው ያን ቀን ነው። ክቡርነትዎ ስልክ እያነጋገሩ ስለነበር በእጅዎ «ቁጭ በሉ» አሉን፤ ወንበር ስላልነበረ በክብር ቆምን። ስልኩን ሲጨርሱ የመርማሪውን ወረቀት አዩ እንጂ የባለቤቴን እግር አላዩም፤ «ካምቢዮው ጽሕፈት ቤቱ በሚያውቀው ጋራዥ ሰርቪስ ተደርጎ ይምጣ» ብለው ፈረሙ። ባለቤቴ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት ስልኩ እንደገና ጮኸ። እስከዚያ ድረስም እሜቴ መንገድ ላይ እንዳትታይ ተከለከለች። ለውሳኔዎ ፍጥነት ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም፤ እሜቴ እንኳ እንዲያ አትነሣም።

፫ኛ፦ ስለሚያውቁት ጋራዥ። «ያላዋቂ ሳሚ» ብሎ የሚጀምረውን ተረት ሙሉውን መጻፍ ለክብርዎ ስለማይመጥን ግማሹን ለራስዎ ትቼዋለሁ። የጋራዡ አለቃ ከሥር የፈሰሰውን ቀይ ዘይት አይቶ ሳቀ፤ ማነው የፍሬን ዘይት ካምቢዮ ውስጥ የጨመረው አለ። እኔ ነኝ፣ የፍሬንም አይደለም፣ የራሷ ነው አልኩት። «አባባ፣ እርስዎ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ» አለኝ፤ በጣም ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ ለጭነት መኪና የሚሆነውን ወፍራሙን ዘይት ጨመረላት። እሜቴ አልንቀሳቀስ አለች። እምቢታ መሰላቸው፤ ነዳጁን እየረገጡ አስጮኋት፣ ከሥሯ ጭስ እስኪወጣ ድረስ አስጮኋት። እኔ ከጥላው ተነሥቼ ተዉ፣ ኧረ ተዉ እያልኩ በመስኮቱ እጄን ሰድጄ ሞተሩን ለማጥፋት ስታገል ያዙኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ስሰማ የምስቀው ሰው፣ ያን ቀን እንደዚያ ሆኜ ዋልኩ።

ለክቡርነትዎ መረጃ ያህል፣ እሜቴ ፍሪሲዮን አልነበራትም ማለታችን ልክ አልነበረም። ነበራት። በካምቢዮዋ ሆድ ውስጥ ተደራርበው ማርሹን በየተራ የሚይዙ ቀጫጭን ሸራዎች ነበሯት፤ እግር የማይደርስባቸው፣ ቀዩ ዘይት ብቻ የሚያውቃቸው። የተቃጠሉት እነሱ ናቸው። የጋራዡ ሰዎች የነበራትን ፍሪሲዮን አቃጥለው፣ ያልነበራትን ፔዳል ለመጠገን አቆዩዋት። ነገ ኑ አሉን። ሄድን። ነገ ኑ አሉን።

፬ኛ፦ ይህን እንዳልጽፈው ባለቤቴ ለምናኛለች፤ የትንሿ ነገር ከካምቢዮ ጋር አብሮ አይነሣ ብላ። እጽፈዋለሁ፤ ትቆጣኝ።

እሜቴ ጋራዥ ውስጥ ሳለች ባለቤቴ ወደ ኮረብታው በታክሲ መሄድ ጀመረች። ለታክሲው ወረፋ አለ፤ ወረፋው ሲደርስ ደግሞ ግፊያ አለ፤ የሰለለ እግር ያላት ሴት ግፊያ ውስጥ የምታገኘውን ክብር አልነግርዎትም። ታክሲው የሚያቆመው አቀበቱ ሥር ነው። ከዚያ ወዲያ በእግሯ ነው። እኔ ክንዷን ይዤ፣ ሦስቴ አራቴ እያረፈች፣ ስንደርስ ረፍዶ ይቆያል፤ አንዳንድ ቀንም ከመንገድ እንመለሳለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሿ ትስቅ ነበር፤ እትዬ ዛሬ እንደ ሌባ ድምፅ ሳታሰማ ገባች ትል ነበር። ከዚያ ሕመሙ በረታባትና አእምሮዋ መለስ ቀለስ ማለት ጀመረ።

በመጨረሻው ቀን ደረስን፤ አልዘገየንም፤ ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የትንሿ ፀጉር አልተፈታም ነበር፤ ባለቤቴ ራሷ ፈታችው፣ ማበጠር ጀመረች። «ትንሿ፣ እኔ ነኝ፤ እትዬ ነኝ» አለቻት። ትንሿ የባለቤቴን እጅ ዳበሰችና «ድምፅሽስ የእሷን ይመስላል» አለቻት። ቀጥላም፣ መኪናዋን ግን አልሰማሁም፤ እትዬ በዚያ እግሯ ይህን አቀበት በምን ትወጣዋለች፣ አታታሉኝ አለች። ባለቤቴ በእናታቸው ስም ማለች፤ የልጅነታቸውን ነገር አንድ በአንድ አነሣችላት። ትንሿ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ነርሷ መስላት፣ «ተባረኪ ልጄ፤ ደኅና አርገሽ አበጠርሽኝ፤ እህቴ ስትመጣ ታመሰግንሻለች» አለቻት። ከዚያ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጣለች። ባለቤቴ ማበጠሯን አላቆመችም። ትንሿ እንደዚያ እያዳመጠች ሄደች።

ክቡር ሆይ፤ እኔ ለሌላ ሰው ብዙ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ግን በታይፕ መምታት አልሆነልኝም። በጣም አዝኛለሁ። በጣም ተቆጥቻለሁም። ባለቤቴ አታለቅስም፤ ነገር ግን መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ወሬዋን ታቋርጣለች።

ይኸኛው ቁጥር ይገባው አይገባው እንጃ። ከቀብሩ በተመለስን ማግስት እሜቴ በሌላ መኪና ተጎትታ ደጃችን ደረሰች፤ መስታወቷ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ብቁ» ይላል። ጋራዡ ከዚያ ፔዳል ሥር ጠንካራ ሞላ ገጥሞለት፣ አሁን ሲረግጡት ይገፋል፤ መርማሪዎም ረግጦ፣ ተገፍቶ፣ አሳለፋት። ወፍራሙን ዘይት እኔው አፍስሼ ቀዩን መለስኩላት፤ ባለቤቴ እንደ ዱሮው መሪው ላይ ተቀምጣ ዘንጉን በየቦታው እያቆየች አሳለፈችው። ወደ ፊት ሲሆን እሜቴ ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች። ወደ ኋላ ሲሆን ነቃ ብላ ሄደች። መለዋወጫዋን የሚሠራ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም፤ ጠይቀን ጠይቀን ደክሞን ተውነው። እነሆ፣ ወደ ኋላ ብቻ የምትሄድ መኪና በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ብቁ ተብላ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። በአካሄዷ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር አንድ ስለሆነች ይሆናል የወደዷት።

ካሣ አልጠይቅዎትም፤ ማንንም ይቅጡልኝ አልልም። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እሱም ከሥልጣንዎ የሚያልፍ አይመስለኝም። ጽሕፈት ቤትዎ የማትሄደውን ትሄዳለች ብሎ በማኅተም ማረጋገጥ ከቻለ፣ የሆነውን ሆኗል ብሎ ማረጋገጥ አይከብደውም። እባክዎ አንዲት ወረቀት ይጻፉልን። ረጅም መሆን የለባትም። «እትዬ በዚያን ቀን መጥታ ነበር፤ ያበጠረችሽ እሷ ናት» ትበል፤ ማኅተሙም ይደረግባት። ትንሿ የማንንም ቃል አላምን ብላ ነው የሄደችው፤ የእህቷንም ቃል። ማኅተም ያለበትን ግን ታምን ይሆናል፤ ጨዋ ሰው ነበረች፣ ወረቀት ታከብር ነበር። ወረቀቷን ከመቃብሯ ድንጋይ ሥር የማስቀምጠው እኔ ነኝ፤ ለእሱ እግር አለኝ።

ጉልበትዎ ሳይዝል፣ ስልክዎ ሳይቋረጥ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ የሚወዱት ሰው በጠራዎት ጊዜ ሁሉ ድምፅዎ እየታወቀ እንዲደርሱ እየተመኘሁ፣ በደረጃዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የእሜቴ ዘይት ለኪ፣ የእትዬ ባል

ማስታወሻ፦ ፔዳሉን ነቅዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሐሳብ ነውና። ባለቤቴ አልሰጥም አለች፤ እግሬ ለምዶታል አለች። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ እሜቴን ታስነሣና እግሯን እሱ ላይ አሳርፋ፣ መስኮቱን ከፍታ ትቀመጣለች፤ ድምፁ እስከ ኮረብታው ይደርስ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ ይደርሳል እላታለሁ። ስለዚህ የላክሁልዎ ከሥሩ የፈታሁትን ሞላ ብቻ ነው። ጠንካራ ነው፤ የተደገፈውን ሁሉ ይገፈትራል። ከምንም ጋር ስላልተያያዘ፣ ቢሮዎ ውስጥ ቦታ አያጣም።